ሞተ የምንለው ድንጋይ፦ የትንሿ ክብ ባትሪ ታሪክ

ከሂሳብ ክፍል

ሰኔ የበጀት ዓመት መዝጊያ ስለሆነ እኛ ሂሳብ ክፍል ያለን ሴቶች በዚያ ወር ከቆጠራ በቀር ሌላ ወሬ የለንም። ባለፈው ሰኔም እንደ ልማዳችን የማህበሩን ንብረት ስንቆጥር፣ በርበሬና ሽሮ የምንመዝንባት ትንሿ ዲጂታል ሚዛን አልበራ አለች። አንዷ አባላችን ከሱቅ አዲስ ባትሪ ገዝታ መጣች። አሮጌው ወጥቶ ጠረጴዛ ላይ ተቀመጠ፤ አዲሱ ገባ፤ ሚዛኗ በራች፤ ሥራችንን ቀጠልን። ከሩብ ሰዓት በኋላ አሮጌውን ልናነሳ ስንል የለም። ከጠረጴዛው ሥር የአንዲት አባላችን የዓመት ከመንፈቅ ልጅ ተቀምጦ የሆነ ነገር ያላምጣል።

እናቱ ጣቷን አፉ ውስጥ ከተተች። ያገኘችው ቁራሽ ዳቦ ነው። ከዳቦው በፊት ግን ምን እንደዋጠ የሚያውቅ የለም። ጠረጴዛውን ገለበጥን፣ ወለሉን ጠረግን፣ ጆንያ አራገፍን፤ ባትሪው የለም። ያኔ ሁላችንም ሐኪም ሆንን። አንዷ "ተልባ ይጠጣ፣ አሟልጮ ያወርደዋል" አለች። ሌላዋ "ዳቦ ጉረስ በዪው፣ ገፍቶ ይወስደዋል" አለች። ሦስተኛዋ ጣት አስገብታ ልታስመልሰው ተነሳች። አንዷ ደግሞ ልጅ ሳለች ሳንቲም ውጣ በሦስተኛው ቀን እንደወጣላት ነገረችን። እኛም በበኩላችን ልናጽናና ብለን "ደግሞስ ያለቀ ድንጋይ ምን ያደርጋል? ሞቷል እኮ" አልን። ዛሬ ስናስበው በዚያ ክፍል ከተነገረው ሁሉ አደገኛው ቃል የእኛው ነበር።

ባጃጅ ተጠራ፤ ልጁ ራጅ ተነሳ፤ ሆዱም ጉሮሮውም ንጹሕ ነው ተባለ። ባትሪው በማግስቱ ከበርበሬ ጆንያ እጥፋት ውስጥ ወደቀ። ተመስገን ብለን ቡና አፈላን። ነገር ግን ያን ምሽት አሥራ አንድ እናቶች በአንድ ክፍል ተቀምጠን አንዳችን እንኳ ትክክለኛውን ነገር አለማወቃችን እንቅልፍ ነሳን። ይህ ጽሑፍ የመጣው ከዚያ ነው። የትንሿን ባትሪ ታሪክ ከመጀመሪያው አንስተን እንነግራችኋለን፤ ምክንያቱም አደጋው ያለው ታሪኳ ውስጥ ነው። የምንጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።

ከእንቁራሪት እግር እስከ ሬዲዮ ድንጋይ

በአገራችን የእጅ መብራቱ "ባትሪ" ሲባል ውስጡ የሚገባው "ድንጋይ" ተባለ። በልጅነታችን ሬዲዮው ድምፁ ሲደክም እናቶቻችን ድንጋዩን አውጥተው ፀሐይ ላይ ያሰጡት ነበር። ሞቅ ካለው ጥቂት ቀን ያናግራል። ከዚያ በኋላ "ሞተ" ይባልና ለልጆች ይጣላል። እኛም ደርድረን ቤት ሠርተንበታል፤ ቀጥቅጠን ጥቁሩን ዘንግ አውጥተን ግድግዳ ላይ ጽፈንበታል። ስሙ ራሱ አስተማረን፦ ድንጋይ ነው፣ ዝም ያለ ነው፣ ሲሞት ደግሞ ምንም ነው።

እውነታው ከዚህ የራቀ ነው። በጣሊያኗ ቦሎኛ ከተማ ሉዊጂ ጋልቫኒ የሚባል ሐኪም የሞተ እንቁራሪት እግር በሁለት ዓይነት ብረት ሲነካ ሲፈራገጥ አየ፤ ያየውንም በ1791 አሳተመ። ኤሌክትሪኩ ከእንስሳው ሥጋ የመጣ መሰለው። የአገሩ ልጅ አሌሳንድሮ ቮልታ ግን ነገሩ ከሁለቱ ብረቶች ነው፣ ሥጋው ያዋጣው እርጥበቱን ብቻ ነው ብሎ ተከራከረ። ሁለት ዓይነት ብረት በገዛ ምላሱ ላይ አገናኝቶም የተለየ ጣዕም ቀመሰ። በ1800 ክብ የብርና የዚንክ ዝርግ ብረቶችን እያፈራረቀ ደረደረ፤ በየመካከላቸውም በጨው ውኃ የተነከረ ካርቶን ወይም ጨርቅ አስገባ። የመጀመሪያው ባትሪ ይህ ነው።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልብ በሉልን። ባትሪ ገና ሲወለድ የተወለደው በእርጥብ ሥጋና በጨዋማ ውኃ መካከል ነው። የሕፃን ጉሮሮ ደግሞ ሁለቱንም አለው።

በዚያው በ1800 ለንደን ውስጥ ዊልያም ኒኮልሰንና አንቶኒ ካርላይል የሚባሉ ሰዎች የቮልታን ባትሪ ሽቦዎች ውኃ ውስጥ ከተቱና ውኃው ወደ ጋዝ ሲከፋፈል አዩ። ብዙም ሳይቆይ የተገኘው ሌላው ነገር ለእኛ ይበልጥ ያስፈልገናል፦ ኤሌክትሪክ በጨው ውኃ ውስጥ ሲያልፍ በኔጌቲቩ ጫፍ ዙሪያ ኃይለኛ የሚያቃጥል ነገር ይፈጠራል። ከ1890ዎቹ ጀምሮ ፋብሪካዎች ከተራ ጨው ኮስቲክ ሶዳ የሚያመርቱት በዚሁ መንገድ ነው። ሳሙና የሚሠሩት አባሎቻችን ኮስቲክ ሶዳን ያውቁታል። ጓንት ሳያጠልቁ አይነኩትም፤ ልጅ ባለበትም አይከፍቱትም። ይህን ያዙልን፤ እንመለስበታለን።

ጦርነቱ፣ ሰዓቱና ሜርኩሪው

ለረጅም ጊዜ ባትሪ ትልቅ ነገር ነበር፤ ሕፃን ሊውጠው አይችልም። ያሳነሰው ጦርነት ነው። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት የአሜሪካ ጦር ሙቀትና እርጥበት ወዳለባቸው አገሮች ሲዘምት የተለመደው ድንጋይ እየተበላሸ አስቸገረው። ሳሙኤል ሩበን የሚባል ፈልሳፊ በሜርኩሪ የሚሠራ፣ ትንሽ ሆኖ ብዙ ኃይል የሚይዝ ባትሪ ሠራ፤ ማሎሪ የተባለው ኩባንያም በብዛት አመረተው። ዛሬ ዱራሴል የምንለው ስም የተወለደው ከዚያ ኩባንያ ነው።

ጦርነቱ ሲያበቃ ትንሿ ባትሪ ወደ ሰላማዊው ኑሮ ገባች፦ መስማት ለተሳናቸው ማዳመጫ፣ ለካሜራ፣ በኋላም ለእጅ ሰዓት። በ1957 ሐሚልተን የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ የመጀመሪያውን በባትሪ የሚሠራ የእጅ ሰዓት ለገበያ አቀረበ። በ1969 በፈረንጆች ገና ዕለት ደግሞ የጃፓኑ ሴይኮ "አስትሮን" የተባለውን የመጀመሪያውን የኳርትዝ የእጅ ሰዓት ቶኪዮ ውስጥ ሸጠ። ዋጋው 450,000 የን ነበር፤ የሀብታም ዕቃ ነበር ማለት ነው። ከዚያ በኋላ ግን ዋጋው ቁልቁል ወረደ። ታላላቆቻችን ካሲዮ ሰዓት በእጃቸው ያሰሩበትን ዘመን ያስታውሳሉ፤ ሰዓት በየጠዋቱ መሙላት ቀረ። "የሰዓት ድንጋይ" የሚለው ስምም ቤታችን ገባ። ክብና ጠፍጣፋ ሆና እንደ ልብስ ቁልፍ ስለምታንስ ፈረንጆቹ የአዝራር ባትሪ ይሏታል።

ሐኪሞቹ የተሳሳቱበት

በ1977 አሜሪካውያን ሐኪሞች ጉሮሮው ላይ ባትሪ ተቀርቅሮበት ስለሞተ ሕፃን ጻፉ። ከዚያ ወዲህ ሌሎችም ተከታትለው ተሰሙ። ያኔ ሁሉም የጠረጠረው ባትሪው ውስጥ ያለውን ነገር ነው። ውስጡ ሜርኩሪ አለ፣ ሜርኩሪ መርዝ ነው፤ እንግዲህ ባትሪው ሲፈነዳ ወይም ሲፈስ ይመርዛል ተባለ። ሐሳቡ ያልተማረ ሰው ሐሳብ አይደለም፤ ማንም ቢሆን መጀመሪያ ዕቃው ውስጥ ያለውን ነው የሚጠይቀው። ይህ አስተሳሰብ ግን ሁለት ስህተት ይወልዳል። አንደኛው፣ ካልፈሰሰ ችግር የለም ማለት ነው። ሁለተኛው፣ ካለቀ ችግር የለም ማለት ነው። እኛም በዚያ ምሽት የያዝነው ሁለተኛውን ነበር።

መልሱን ያመጣው መዝገብ ነው። እኛ የሂሳብ ሰዎች ይህን የታሪኩን ክፍል ከሁሉ አብልጠን ወደድነው። በ1982 በዋሽንግተን ከተማ ዶክተር ቶቢ ሊቶቪትዝ የተባለች ሐኪም የምትመራው፣ ስለተዋጡ ባትሪዎች ብቻ የሚደወልበት የስልክ መስመር ተከፈተ። እናት ትደውላለች፣ ሐኪም ይደውላል፤ ምክር ይሰጣል፣ ዝርዝሩም ይመዘገባል፦ የልጁ ዕድሜ፣ የባትሪው መጠን፣ ከየት እንደወጣ፣ የት እንደተቀረቀረ፣ ስንት ሰዓት እንደቆየ፣ በመጨረሻ ምን እንደሆነ። ለአንድ ልጅ አንድ ረድፍ። በ1983 በታተመው የመጀመሪያ ጽሑፏ 56 ረድፎች ነበሩ። በ1992 በወጣው 2,382 ደረሱ። በ2010 የወጣው ጥናት ደግሞ 8,648 ያህል ጉዳዮችን መርምሯል።

ከዚያ መዝገብና ከሌሎች ሐኪሞች ምርመራ ሦስት ነገሮች ጠሩ።

የመጀመሪያው ቦታው ነው። ወደ ጨጓራ የወረደ ባትሪ አብዛኛውን ጊዜ በራሱ ይወጣል። ሕይወት የሚያጠፋው ጉሮሮ ላይ፣ ማለትም በምግብ ቧንቧ ውስጥ የቆመው ነው። የቱ ጋ እንዳለ የሚያሳየው ደግሞ ራጅ ብቻ ነው።

ሁለተኛው ምክንያቱ ነው። ጉዳቱ የሚመጣው በአብዛኛው ከባትሪው ውስጥ ከሚፈስ ነገር አይደለም። የባትሪው ሁለት ጫፎች እርጥቡን የጉሮሮ ግድግዳ ሲነኩ ልክ ሪሞት ውስጥ እንደገባ ኃይሉን መልቀቅ ይጀምራል። ኤሌክትሪኩ በምራቁና በሥጋው ውስጥ ያልፋል፤ በኔጌቲቩ ፊት በኩልም ያ ሳሙና ሠሪዎቻችን የሚፈሩት ዓይነት የሚያቃጥል ነገር ከልጁ ከራሱ ጨዋማ እርጥበት ይመረታል። እሳት የለም፣ ጭስ የለም፣ ባትሪውም አልተቀደደም። ሕፃኑ ጉሮሮ ውስጥ ግን ትንሽ የኮስቲክ ሶዳ ፋብሪካ ሥራ ጀምሯል። በሁለት ሰዓት ውስጥ ከባድ ቃጠሎ ሊደርስ ይችላል። ሲቆይ የምግብ ቧንቧውን ይበሳል፤ ወደ መተንፈሻ ቧንቧ ወይም ከልብ ወደሚወጣው ትልቁ የደም ሥር ሊዘልቅ ይችላል።

ሦስተኛው "ሞተ" የሚለው ቃል ነው። ሚዛን ወይም ሪሞት ማሠራት ያቃተው ባትሪ ባዶ አይደለም። ለዕቃው አነሰ እንጂ ሥጋ ለማቃጠል የሚበቃ ኃይል ይዞ ይቀራል። በሂሳብ ቋንቋ እናስረዳ። አንድ ንብረት አርጅቶ ዋጋው ዜሮ ሲሆን ከመዝገብ እንሰርዘዋለን፤ ነገሩ ያበቃል። ያለቀ ባትሪ ግን ዋጋው ዜሮ ሆኖ ዕዳው ያልተዘጋ ንብረት ነው።

ሃያ ሚሊሜትር

ታሪኩ በሜርኩሪዋ ባትሪ ቢያበቃ ኖሮ ጉዳቱ ባልከፋ ነበር። የሰዓት ድንጋዮች አብዛኞቹ ትንንሽ ስለነበሩ ቢዋጡም አዘውትረው ወደ ጨጓራ ይወርዱ ነበር። የጨዋታውን መልክ የቀየረው ሊቲየም ነው። በ1970ዎቹ ማትሱሺታና ሳንዮ የተባሉት የጃፓን ኩባንያዎች በሊቲየም የሚሠሩ ባትሪዎችን ለገበያ አወጡ። ለዕቃ ሠሪዎች መልካም ዜና ነበር። ክብደቷ ቀላል ነው፣ ለዓመታት ሳትበላሽ ትቀመጣለች፣ ከቀድሞዎቹም እጥፍ፣ 3 ቮልት ትሰጣለች። ቅርጿ ግን ከአዝራር ይልቅ ሳንቲም ይመስላል።

በባትሪዋ ጀርባ ላይ የተቀረጸውን ቁጥር አንብባችሁት ታውቃላችሁ? ሲ አር 2032 ይላል። የመጀመሪያዎቹ ሁለት ቁጥሮች ስፋቷን በሚሊሜትር ይነግሩናል፦ 20። የኋለኞቹ ሁለቱ ውፍረቷን፦ 3.2። ሲ አር 2025 ያው 20 ሚሊሜትር ስፋት ሆና ውፍረቷ 2.5 ነው። ማንም የማያነበው ይህ ቁጥር የአደጋው መለኪያ ነው። 20 ሚሊሜትር ስፋት በሕፃን የምግብ ቧንቧ ለመግባት የሚያንስ፣ ለማለፍ ግን የሚበዛ ነው። ትገባለች፣ ትቆማለች፣ ከዚያ በ3 ቮልት ትሠራለች።

መዝገቡም ይህንኑ አሳየ። በ2010 በወጣው ጥናት መሠረት ከ1985 እስከ 2009 ባሉት ዓመታት በከባድ ጉዳት ወይም በሞት የተደመደሙት ጉዳዮች ድርሻ 6.7 እጥፍ አደገ። ዕድሜያቸው ከ6 ዓመት በታች ሆነው ከ20 እስከ 25 ሚሊሜትር የምትሰፋ ባትሪ ከዋጡት ሕፃናት 12.6 በመቶው ከባድ ጉዳት ደረሰባቸው ወይም ሞቱ። ከመቶ ወደ አሥራ ሦስት ማለት ነው። ባትሪው ከየት መጣ ለሚለውም መልስ ተገኘ። ከ6 ዓመት በታች ያሉት ሕፃናት ከዋጧቸው ባትሪዎች 61.8 በመቶው በቀጥታ ከዕቃው ውስጥ የወጡ ናቸው። ወደ 30 በመቶው ደግሞ እንደ እኛው ባትሪ ተፈትተው የተቀመጡ ነበሩ። 20 ሚሊሜትር ከምትሰፋው የሊቲየም ባትሪ ደግሞ ከሦስት አንዷ በላይ የሪሞት ነበረች።

ለምን ሪሞት? የመጫወቻ ደንቦች የአሻንጉሊት ባትሪ ክዳን በብሎን እንዲታሰር አስቀድመው ያዝዙ ነበር። ሪሞት፣ ሚዛን፣ የመኪና ቁልፍ ግን የአዋቂ ዕቃ ተብለው ታለፉ። በአውራ ጣት ሸርተት ተደርጎ የሚከፈት ክዳን ለአዋቂ ምቾት ተሠራ። ሕፃን ግን የአዋቂ ዕቃና የልጅ ዕቃ ብሎ አይለይም፤ እንዲያውም በእናቱ እጅ ያየውን ነው አብልጦ የሚፈልገው።

የእናቶች ሕግ

ሐኪሞቹ ካወቁ ከብዙ ዓመታት በኋላ ነው ሕግ የመጣው። ቀዳሚዋ አገር አውስትራሊያ ናት። ባትሪ የሚገባበት ክዳን ሕፃን እንዳይከፍተው ሆኖ እንዲሠራ የሚያስገድድ መመዘኛ በታኅሣሥ 2020 አውጥታ ከሰኔ 2022 ጀምሮ አስፈጽማለች።

በዚያው በ2020 መጨረሻ በአሜሪካ ቴክሳስ ግዛት ሪስ የምትባል የ18 ወር ሕፃን ሞተች። ከሪሞት የወጣች ባትሪ ውጣ ነበር። መጀመሪያ ላይ ሕመሟ በልጆች የሚታወቅ የጉሮሮ እብጠት ተደርጎ ታየ። እናቷ ካዘነች በኋላ ቤቷ አልተቀመጠችም። ሌሎች እናቶችን አሰባሰበች፣ ፋብሪካዎችን ሞገተች፣ የሕግ አውጪዎችን በር አንኳኳች። ነሐሴ 16 ቀን 2022 "የሪስ ሕግ" የተባለው የአሜሪካ ሕግ ተፈረመ። በሕጉ መሠረት ክዳኑ በመፍቻ ወይም በአንድ ጊዜ በሚደረጉ ሁለት የተለያዩ የእጅ እንቅስቃሴዎች ብቻ እንዲከፈት፣ ዕቃውም ማስጠንቀቂያ እንዲለጠፍበት፣ የባትሪው ማሸጊያም በሕፃን እጅ የማይቀደድ እንዲሆን ታዘዘ። ዱራሴል ደግሞ በ2020 ሕፃን አፉ ሲያስገባት እንዲተፋት መራራ ነገር የተቀባች የሊቲየም ባትሪ አወጣ። መልካም ነው፤ ግን ምረት የማይገዳቸው ልጆች አሉ፤ መራራው ባትሪም ያው ባትሪ ነው።

እዚያ የወጣ ሕግ እዚህ የመንገድ ዳር መደብ ላይ አይደርስም። ወደ እኛ ቤት የገቡትን እንቁጠር፦ የትንንሽ ስፒከርና የጌጥ መብራት ስስ ሪሞቶች፣ የኩሽና ሚዛን፣ የስኳር መለኪያ፣ ቴርሞሜትር፣ የመኪና ቁልፍ፣ በባትሪ የሚበራ ሻማ፣ ሲከፈት የሚዘፍን የልደት ካርድ፣ ሲረገጥ ብልጭ ድርግም የሚል የልጆች ጫማ። የሰዓት ድንጋይ ከሰዓት ከወጣች ቆይታለች፤ ስሟን ብቻ ነው የያዘችው።

ማርና የደቂቃ ሂሳብ

ታሪኩ አንድ ደስ የሚል ምዕራፍ አለው፤ ለአገራችን ሰው እንግዳ ያልሆነ። በ2018 የፊላዴልፊያና የኦሃዮ የልጆች ሐኪሞች አንድ ጥያቄ አነሱ፦ ልጁ ሆስፒታል እስኪደርስ ቤት ውስጥ ያለ ነገር ቃጠሎውን ሊያዘገየው ይችላል? ጭማቂ፣ ለስላሳ መጠጥ፣ ሌላም ሌላም በአሳማ ግልገሎች ላይ ሞከሩ። ከቤት ዕቃ ያሸነፈው ማር ነው። ማር ወፍራም ስለሆነ ባትሪውንና ሥጋውን ይለብጣል፤ ትንሽ አሲድነት ስላለውም የሚያቃጥለውን ነገር ያለዝበዋል። ከዚያ ወዲህ ማር በሐኪሞች መመሪያ ውስጥ ገብቷል። ማር ግን መድኃኒቱ አይደለም፤ ደቂቃ የሚገዛ ነው። መድኃኒቱ ባትሪውን ማውጣት ነው።

እንግዲህ አሥራ አንዳችን በዚያ ምሽት ማድረግ የነበረብን ይህ ነበር።

ባትሪ እንደዋጠ ከተጠረጠረ፣ ማንም ባያየውም፣ ሳይጠብቁ ራጅ ወዳለበት ሆስፒታል መሄድ። እንደ ሳንቲሙ "ሦስት ቀን እንይ" የሚባል ነገር የለም።

ለማስመለስ አለመሞከር። ዳቦ፣ ተልባ፣ ሙዝ፣ ወተት አለመስጠት። ራጅ እስኪነሳ ከማር በቀር ምግብም መጠጥም አይቀምስ።

ልጁ አንድ ዓመት ከሞላው፣ መዋጥ ከቻለና ከዋጠ 12 ሰዓት ካላለፈው፣ በመንገድ ላይ በየ10 ደቂቃው ሁለት የሻይ ማንኪያ ማር መስጠት፤ ከስድስት ጊዜ አይለፍ። ማር ፍለጋ ግን አንድ ደቂቃ አይባክን። ዓመት ላልሞላው ሕፃን ማር አይሰጥም፤ በሌላ በሽታ ሊጎዳው ይችላል።

የባትሪውን ማሸጊያ ወይም ተመሳሳዩን ይዞ መሄድ። ከሁሉ በላይ ደግሞ በር ላይ ለተቀበለን ሰው በግልጽ "ባትሪ ሊሆን ይችላል" ማለት። በራጅ ላይ ባትሪና ሳንቲም ሊምታቱ ይችላሉ። ባትሪው በጠርዙ ላይ ድርብ ቀለበት ያሳያል፤ ያን እንዲፈልግ የሚያደርገው ግን የእናት ቃል ነው። ጉሮሮ ላይ ከቆመ በኢንዶስኮፒ ወዲያው መውጣት አለበት።

ከባዱ ችግር አብዛኛውን ጊዜ ሲውጥ ያየ ሰው አለመኖሩ ነው። ልጅ በድንገት ለሀጩ ከበዛ፣ ምግብ እምቢ ካለ፣ ካስታወከ፣ ሲተነፍስ ሲር ሲር ካለ ወይም ጉንፋን ሳይኖርበት ካሳለ፣ ከቶንሲል ጋር ባትሪንም እናስብ። አፍንጫና ጆሮ ውስጥ የገባ ባትሪም እንዲሁ ያቃጥላል። ባትሪው ከወጣ በኋላም ቃጠሎው ለሳምንታት ሊገፋ ስለሚችል፣ ደም ያስታወከ ወይም ሰገራው የጠቆረ ልጅ በዚያው ሰዓት ተመልሶ ወደ ሆስፒታል ይሂድ። አረጋውያንም ኪኒን መስሏቸው ሊውጡ ይችላሉ።

በመዝገባችን የተጨመረው መስመር

ከሰኔው ቆጠራ በኋላ ጠቅላላ ስብሰባው የወሰነውን እዚህ እናሰፍራለን። በማህበራችን የክብ ባትሪ ክምችት በንብረት መዝገብ ውስጥ የራሱ መስመር አለው። አዲስ ሲወጣ አሮጌው ይመለሳል፤ ሁለቱም ይፈረምባቸዋል። አሮጌው ሁለት ፊቱ በፕላስተር ተለጥፎ ክዳኑ በሚቆለፍ ጣሳ ከፍ ያለ ቦታ ይቀመጣል። ብሎን የሌለው ሪሞት ወይም ሚዛን ክዳኑ በወፍራም ፕላስተር ይታሸጋል። ሳምንታዊ ቁጠባ በምንሰበስብበት ዕለት ልጆች የሚቀመጡበትን ምንጣፍ ከመዘርጋታችን በፊት አንዷ ተረኛ ወለሉን ታያለች።

ለደጋፊዎቻችንም አንድ ልመና አለን። ከአሜሪካ፣ ከአውሮፓ ወይም ከዓረብ አገር ለልጆቻችን መብራት ያለው ጫማ ወይም የሚዘፍን አሻንጉሊት ስትልኩልን፣ እባካችሁ ገልብጣችሁ የባትሪ ክዳኑ ብሎን እንዳለው እዩልን። ስጦታው ያኔ ሙሉ ይሆናል።

የዚያች ሚዛን አሮጌ ባትሪ አሁን ጣሳው ውስጥ ናት፤ በመዝገቡ ላይ የመጀመሪያዋ ረድፍ እሷ ናት። ዋጋ በሚለው ዓምድ ዜሮ ጽፈናል። ልጁ አሁን ሁለት ዓመት አልፎታል፤ ስብሰባ ላይ ከጠረጴዛው ሥር መቀመጡን አልተወም። እኛም ጎንበስ ብለን ማየታችንን አልተውንም። አባቶቻችን ሳይቃጠል በቅጠል ያሉት ለእንዲህ ያለው ነገር ነው።

ልጆቻችንን ያሳድግልን፤ ቸር እንሰንብት።